ሮምን በሁለትና በሦስት ቀን ለሚጎበኝ፦ የትኛውን ታሪካዊ ሥፍራ መርጦ የትኛውን መተው ይሻላል?

ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ይዞ ሮም የሚገባ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት የትኛውን ሥፍራ እንደሚተው ነው። ከተማዪቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ753 እንደተቆረቆረች በትውፊት ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ የነገሥታት፣ የሪፐብሊክ፣ የቄሳሮችና የጳጳሳት መቀመጫ ሆና ቆይታ ከ1871 ጀምሮ የተዋሐደችው ጣልያን ዋና ከተማ ሆናለች። በዚህ ሁሉ ዘመን አዲሱ ትውልድ የቀደመውን ሕንፃ እያፈረሰ፣ ድንጋዩን እየወሰደ ወይም በላዩ እየገነባ ስለኖረ፣ በአንድ ጎዳና ላይ የሁለት ሺህ ዓመት ዕድሜ ልዩነት ያላቸው ግንቦች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። ሁሉንም ለማዳረስ የሚሮጥ ጎብኚ በመጨረሻ የሚተርፈው ፎቶግራፍና የእግር ሕመም ነው። ከዚህ ቀጥሎ ዋና ዋናዎቹን ሥፍራዎች በታሪካዊ ይዘታቸው፣ በሚጠይቁት ጊዜና ትዕግሥት እያነጻጸርሁ የትኛው ለማን እንደሚሻል አስተያየቴን አቀርባለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮሎሲየም፣ ፎረም ወይስ ካፒቶሊኖ?

የጥንቷን ሮም ለማየት ለሚሻ ሰው ሦስት ትልልቅ ምርጫዎች አሉ፤ ሦስቱም በእግር ሩብ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ሁሉም ሰው በሥዕል የሚያውቀው ኮሎሲየም ነው። ሥራውን ያስጀመረው ንጉሠ ነገሥት ቬስፓስያን ሲሆን፣ ቦታው ቀደም ብሎ ኔሮን ለቤተ መንግሥቱ ማስዋቢያ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ያሠራበት ነበር። ሐይቁን አድርቆ ለሕዝብ የትዕይንት ሜዳ መገንባት፣ የተጠላው ንጉሥ ለራሱ የያዘውን መሬት ለከተማው ሰው መመለስ ስለነበረ ፖለቲካዊ ብልኃት ነበረበት። ግንባታውን በ80 ዓ.ም. የመረቀው የቬስፓስያን ልጅ ጥጦስ ነው። ሕንፃው 188 ሜትር ርዝመትና 156 ሜትር ወርድ ያለው፣ ከፍታውም ወደ 48 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን፣ 80 መግቢያዎች ስለነበሩት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ሳይተራመስ ገብቶ ይወጣበት ነበር።

ይሁን እንጂ የኮሎሲየም ግርማ ይበልጥ የሚጎላው ከውጭ ሲያዩት ነው፤ ከውጭ ለማየት ደግሞ ክፍያ የለም። ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው የሚያገኘው አብዛኛው ወለሉ የጠፋ ሜዳና ደረጃዎቻቸው የፈራረሱ መቀመጫዎችን ነው፤ በ1349 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የደቡቡን ጎን ከጣለው በኋላ ድንጋዩ ለሌሎች ሕንፃዎች መሥሪያ ሲወሰድ ኖሯል። በእኔ እምነት ወደ ውስጥ መግባት ከፍ ያለ ዋጋ የሚኖረው አውሬዎችና ተፋላሚዎች ወደ ሜዳው ከመውጣታቸው በፊት ይቆዩበት የነበረውን የምድር ቤት የሚያሳየው ልዩ ትኬት ከተገኘ ነው። ያ ትኬት ግን ቶሎ ያልቃል።

ተራው የኮሎሲየም ትኬት ፎረሙንና የፓላቲኖን ኮረብታ ስለሚያካትት፣ ትክክለኛው ጥያቄ ጉልበትንና ጊዜን የት ማዋል ይሻላል የሚለው ነው። ብዙ ሰው ኮሎሲየም ውስጥ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከደከመ በኋላ ፎረሙን በግማሽ ሰዓት ያቋርጠዋል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ፎረም የሮማ መንግሥት ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤት፣ ገበያና መቅደስ የነበረ ሜዳ ነው። ዩልየስ ቄሳር በ44 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከተገደለ በኋላ አስከሬኑ የተቃጠለበት ሥፍራ እዚያው አለ፤ እስከ ዛሬም አበባ የሚያኖሩለት ሰዎች አይጠፉም። በምሥራቅ በኩል ወደ መውጫው ሲቀርቡ የጥጦስ የድል ቅስት ይገኛል። በቅስቱ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሮም ወታደሮች በ70 ዓ.ም. ከጠፋው የኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ የዘረፉትን ባለ ሰባት ቅርንጫፍ መቅረዝ በትከሻቸው ተሸክመው ሲሄዱ ተቀርጿል። የኢየሩሳሌምን ጥፋት በስብከት ሲሰማ ያደገ ሰው እዚህ ቅርጽ ፊት ከሌላው ጎብኚ ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ መቆሙ አይቀርም፤ ቅርጹ የተሠራው ክስተቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች በሕይወት ሳሉ ነውና።

የፎረሙ ድክመት ሳያነቡ ለሚገቡበት ሰው የተበታተነ ድንጋይ ብቻ መሆኑ ነው፤ ጥላም የለውም። ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ሦስተኛው ምርጫ፣ ማለትም የካፒቶሊኖ ሙዚየሞች ናቸው። ጳጳስ ሲክስቶስ 4ኛ በ1471 ለሮም ሕዝብ በሰጣቸው የነሐስ ሐውልቶች የተጀመረው ይህ ስብስብ በ1734 ለሕዝብ ተከፍቷል። የንጉሠ ነገሥት ማርቆስ አውሬልዮስ ፈረሰኛ ሐውልት ዋናው በውስጡ ይገኛል፤ በአደባባዩ መካከል የቆመው ቅጂ ነው። ሐውልቱ እንደ ሌሎቹ የአረማውያን ነሐሶች ቀልጦ ያልጠፋው በመካከለኛው ዘመን የነበሩ ክርስቲያኖች የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ምስል ስለመሰላቸው ነው ይባላል። ከሙዚየሙ ወለል በታች ካለው የጥንት መዝገብ ቤት መስኮት ደግሞ ፎረሙ ከላይ ወደ ታች ወለል ብሎ ይታያል። የኮሎሲየም ትኬት ያላገኘ ሰው ካፒቶሊኖን ጎብኝቶ፣ ከኮረብታው ጎን ካለው መንገድ ፎረሙን በነፃ ተመልክቶ፣ ኮሎሲየምን ከውጭ ቢዞር የጎደለበት ነገር ጥቂት ነው።

ሕዝብ የሚበዛበት ሥፍራ ለማይወድ ሰው ከኮሎሲየም ጥቂት ደቂቃ የሚያስኬደው የቅዱስ ክሌመንጦስ ቤተ ክርስቲያን ከሁሉም የተሻለ ነው እላለሁ። ላይኛው ቤተ ክርስቲያን የ12ኛው መቶ ዓመት ነው። ደረጃውን ሲወርዱ የ4ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያን፣ ከእርሱም በታች የመጀመሪያው መቶ ዓመት ሕንፃዎችና ሚትራ ለሚባለው ጣዖት የተሠራ የአምልኮ ክፍል ይገኛሉ። የታችኞቹን ክፍሎች ቁፋሮ በ1857 ያስጀመረው ሙሉሊ የተባለ አየርላንዳዊ መነኩሴ ነበር። የሮም ታሪክ በላይ በላዩ እንዴት እንደተገነባ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያስረዳ ከዚህ የበለጠ ሥፍራ አላውቅም።

ቫቲካን፦ ባሲሊካው ወይስ ሙዚየሙ?

ቫቲካን በ1929 በተፈረመው የላተራን ስምምነት ነፃ መንግሥት የሆነች፣ 44 ሄክታር ያህል ስፋት ያላት ግዛት ናት። ብዙ ጎብኚዎች ባሲሊካውና ሙዚየሙ አንድ መግቢያ ያላቸው ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን የሙዚየሙ በር በቅጥሩ ሰሜናዊ ጎን ስለሆነ ከአደባባዩ ተነሥቶ ግንቡን ተከትሎ መዞር ያስፈልጋል። ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መግባት ነፃ ነው፤ የሚከፈለው ዋጋ በፍተሻው ሰልፍ ላይ የሚጠፋው ጊዜ ነው። ሙዚየሙ ግን ትኬት ያስፈልገዋል፤ ቀደም ብሎ በኢንተርኔት ያልገዛ ሰው ግማሽ ቀኑን ከግንቡ ሥር ቆሞ ሊያሳልፍ ይችላል።

በ4ኛው መቶ ዓመት ቆስጠንጢኖስ በሐዋርያው ጴጥሮስ መቃብር ላይ ያሠራው ባሲሊካ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አገልግሎ ከተዳከመ በኋላ፣ የአዲሱ መሠረት በ1506 ተጣለ። ሥራው ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1626 ተባረከ። ማይክል አንጄሎ ንድፉን ያወጣለት ጉልላት ወደ 136 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ወደ ጫፉ የሚያደርሱት ደረጃዎች 551 ናቸው፤ ከፊሉን በአሳንሰር ማለፍ ይቻላል፤ የመጨረሻው ክፍል ግን ጠባብና ያዘነበለ ስለሆነ ልበ ድካም ላለበት ወይም ከፍታ ለሚፈራ ሰው አይመከርም። ከፊት ያለውን አደባባይ በ284 ዓምዶች ያቀፈው በርኒኒ ነው።

ሙዚየሙ በአንጻሩ የሥነ ጥበብ ወዳጆች ሥፍራ ነው። የራፋኤል ክፍሎችና ማይክል አንጄሎ ከ1508 እስከ 1512 ጣሪያውን፣ ከ1536 እስከ 1541 ደግሞ የመጨረሻውን ፍርድ የሣለበት የሲስቲና ጸሎት ቤት የሚገኙት እዚያ ነው። ችግሩ ሲስቲና የመንገዱ መጨረሻ ገደማ በመሆኑ፣ ጎብኚው ወደ እርሱ ሲደርስ ዓይኑም እግሩም ደክሞ ይገኛል። ሥዕል በጥሞና መመልከት ለማይወድ ሰው ሙዚየሙ ከገንዘቡም ከጊዜውም አያዋጣም፤ ባሲሊካውና ጉልላቱ ይበቁታል። የክርስትናን መነሻ ለሚያጠና ሰው ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ በባሲሊካው ሥር ያለው የጥንት የመቃብር ሥፍራ ይበልጣል፤ ይህን ለማየት አስቀድሞ ማመልከት ግድ ነው፤ የሚገቡትም በትንንሽ ቡድን ነው።

ወደ ቫቲካን የመሄጃ ጊዜ ያጣ ሰው ከተርሚኒ የባቡር ጣቢያ ጥቂት ደቂቃ የሚርቀውን የቅድስት ማርያም ማጆሬ ባሲሊካን ቢመርጥ አይከስርም። በመካከለኛው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያሉት የብሉይ ኪዳን ታሪክ ሞዛይኮች ከ5ኛው መቶ ዓመት የቆዩ ናቸው፤ በሚያዝያ 2025 ያረፉት ጳጳስ ፍራንሲስኮስም የተቀበሩት በዚሁ ነው።

ፓንቴዮን፣ ናቮና እና ትሬቪ

እነዚህ ሦስቱ ተቀራራቢ ስለሆኑ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይዳረሳሉ፤ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ማየት የሚችል ሰው ግን ያለ ማመንታት ፓንቴዮንን ይምረጥ። በንጉሠ ነገሥት ሐድርያን ዘመን፣ በ126 ዓ.ም. ገደማ የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ የጉልላቱ ስፋት 43.3 ሜትር ሲሆን፣ ብረት ሳይገባበት ከተሠሩት የኮንክሪት ጉልላቶች ዛሬም በስፋት የሚወዳደረው የለም። በ609 ቤተ ክርስቲያን በመሆኑ ሳይፈርስ ቆይቷል። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ሠዓሊው ራፋኤል ከተቀበረበት አለፍ ብሎ የንጉሥ ኡምቤርቶ 1ኛን መቃብርም ያገኛል። የውጫሌ ውል በ1889 ሲፈረምና ሠራዊቱ በ1896 አድዋ ላይ ድል ሲነሣ በጣልያን ዙፋን ላይ የነበረው እርሱ ነው።

በናቮና አደባባይ የሚገኘው የአራቱ ወንዞች ፏፏቴ በ1651 የተመረቀ የበርኒኒ ሥራ ነው። የዓባይን ወንዝ የሚወክለው ምስል ራሱን በጨርቅ ተሸፍኖ ይታያል፤ የወንዙ ምንጭ አይታወቅም ለማለት ነው። የዬሱሳውያኑ መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ ግን ምንጩን ግሽ ዓባይ ላይ በ1618 አይቶ ነበር፤ የሰከላ ሰውማ ከዚያም በፊት ያውቀዋል። ትሬቪ በ1762 የተጠናቀቀ ውብ ፏፏቴ ቢሆንም፣ ቀን ላይ በሰው ብዛት ስለሚጨናነቅ ገና ጎሕ ሲቀድ ወይም ሌሊት ካልሆነ ባይሄዱበት ይሻላል።

ኢትዮጵያ በሮም

ይህን ክፍል ለብቻው የጻፍሁት አብዛኞቹ አስጎብኚዎች ስለማያነሡትና የሀገራችን ሰው ግን ሊያልፈው ስለማይገባ ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል በአደባባይ የሚገኙ በመሆናቸው ክፍያ የላቸውም።

የጥንቱ ግንኙነት የሚጀምረው ከቫቲካን ነው። ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተ ጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የተባለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የካፒቶሊኖን ነሐሶች የሰጠውና ሲስቲናን ያሠራው ያው ሲክስቶስ 4ኛ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ለሀገራችን መነኮሳትና ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን ፈቀደው። ከዚሁ ገዳም ጋር በተያያዘ ሥራ መዝሙረ ዳዊት በ1513 በግዕዝ ፊደል በሮም ታተመ፤ ይህም በግዕዝ ከታተሙት መጻሕፍት የመጀመሪያው ነው። በ1548 እና 1549 ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን የተባሉት መነኩሴ ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ቤተ ክርስቲያኑ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ስለሆነ እንደ ባሲሊካው ዝም ብሎ አይገባበትም፤ የቫቲካንን የአትክልት ሥፍራ የሚያስጎበኘውን ትኬት የሚይዝ ሰው ግን የጉዞው መንገድ በዚያ በኩል ያልፍ እንደሆነ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

የቅርቡ ዘመን ታሪክ መራራ ነው። በተርሚኒ ጣቢያ ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። ስያሜው ራስ አሉላ አባ ነጋ በጥር 1887 ዶጋሊ ላይ የደመሰሱትን የጣልያን ጦር የሚያስታውስ ነው። ለሟቾቹ መታሰቢያ የተደረገው ሐውልት ከግብፅ የመጣ የራምሴስ 2ኛ ሥራ ሲሆን፣ ከአደባባዩ ተነሥቶ ዛሬ በዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ቤቶች ፍርስራሽ አጠገብ ባለ ዛፍ የሞላበት መናፈሻ ቆሟል። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ያኖሩት ከዚሁ ሐውልት ሥር ነበር፤ ዘርዓይ ደረስም በ1930ዎቹ ማብቂያ ላይ በአንበሳው ፊት ተንበርክኮ፣ ሊያስነሡት በመጡት ላይ ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። አንበሳው በኋላ ተመልሶ አሁን በአዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ፊት ይገኛል። የሮሙ ሥፍራ ዛሬ የአላፊ አግዳሚ ማረፊያ እንጂ የጎብኚ መዳረሻ አይመስልም፤ ቢሆንም ከጣቢያው በእግር አምስት ደቂቃ ስለሆነ ሻንጣ የያዘ መንገደኛም ሊያየው ይችላል።

ከዚያ ወደ ቬኔዝያ አደባባይ ቢሄዱ፣ ሙሶሊኒ ግንቦት 9 ቀን 1936 የኢጣልያን ግዛተ ዐፄ ያወጀበትን የቬኔዝያ ቤተ መንግሥት ሰገነት ያያሉ። ከአደባባዩ ወደ ኮሎሲየም የተዘረጋውን ሰፊ ጎዳና በ1932 ያስከፈተው እርሱ ነው፤ ለዚሁ ሲባል አንድ ሙሉ የመኖሪያ ሰፈር ፈርሷል። በጎዳናው ዳር፣ በማክሰንትዮስ ባሲሊካ ግንብ ላይ የጥንቷ ሮም ግዛት እየሰፋ መሄዱን የሚያሳዩ አራት የእብነ በረድ ካርታዎች ተሰቅለዋል። ኢትዮጵያን የጨመረው አምስተኛው ካርታ በ1936 ተጨምሮ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ተነሥቷል። የተከፈለበት ትኬት ይዘው ወደ ኮሎሲየም በሚጣደፉት መካከል አራቱን ካርታዎች ቆም ብሎ የሚቆጥር ሰው አይበዛም።

ከኮሎሲየም ወደ ደቡብ አሥር ደቂቃ ያህል ሲጓዙ የፖርታ ካፔና አደባባይ ይገኛል። 24 ሜትር ከፍታና 160 ቶን ገደማ ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት በ1937 ከሀገሩ ተወስዶ የቆመው እዚህ፣ ያኔ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ይሠራ በነበረውና ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት በሆነው ሕንፃ ፊት ነበር። ጣልያን በ1947 በፈረመችው የሰላም ውል ሐውልቱን ለመመለስ ብትስማማም ዐሥርት ዓመታት አለፉ፤ በ2002 መብረቅ መታው፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። በአደባባዩ ዛሬ የሚታይ የሐውልቱ ቅሪት የለም። ሕንፃውን ከባዶው ቦታ ጋር አስተያይቶ ለማየት ግን የሜትሮ ጣቢያው ከአጠገቡ ስለሆነ ሩብ ሰዓት ይበቃል።

እንደ ጊዜ መጠን ስለ መምረጥ

አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ጠዋት በካፒቶሊኖ ወይም በፎረም፣ ከቀትር በኋላ በፓንቴዮንና በናቮና ቢያሳልፍ፣ ቫቲካንን ሙሉ በሙሉ ቢተው እመርጣለሁ። ሁለተኛ ቀን ያገኘ ሰው ወደ ባሲሊካው በማለዳ ይሂድ፤ ሙዚየሙን የሚጨምረው ሥዕል ከወደደ ብቻ ነው። ሦስተኛው ቀን ለቅዱስ ክሌመንጦስ፣ ለፖርታ ካፔና እና ለተርሚኒ አካባቢ ይበቃል፤ በጣቢያው ዙሪያ እንጀራ የሚያቀርቡ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ስላሉ ምሳውም በዚያው ይሆናል። ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ፎረሙን በበጋ ቀትር ባይሞክረው ይሻላል፤ ኮሎሲየም ለልጆች የበለጠ ይስባል። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ሰው ደግሞ የፎረሙ ጥንታዊ የድንጋይ ንጣፍ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ኮሎሲየም አሳንሰር ስላለው ይቀለዋል።

የኮሎሲየም ትኬት በስም የሚሰጥ በመሆኑ በሚገቡበት ጊዜ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ወደ ኮሎሲየምና ፎረም፣ የወሩ የመጨረሻ እሑድ ደግሞ ወደ ቫቲካን ሙዚየም መግባት ነፃ ነው፤ ነገር ግን ሰልፉ ከሌላው ቀን እጥፍ ድርብ ስለሚሆን ጊዜ ለሚያጥረው ሰው ነፃው ቀን ከተከፈለበት ይበልጥ ይወደድበታል። በሌሎቹ እሑዶች የቫቲካን ሙዚየም ዝግ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ በሚቀበሉበት ጊዜ ወደ ባሲሊካው መግባት ስለማይቻል ጉብኝቱን ለከሰዓት በኋላ ማሸጋገር ይሻላል። ትከሻና ጉልበት ያልሸፈነ ሰው ከባሲሊካው በር ይመለሳል፤ ነጠላ የያዘች ሴት በዚህ ረገድ አትቸገርም። የመጠጥ ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ዳር ከቆሙት የብረት ቧንቧዎች ቀኑን ሙሉ የሚፈሰው ውኃ ንጹሕና ቀዝቃዛ ስለሆነ ባዶ ጠርሙስ መያዝ በቂ ነው።